ብሩ የት ገባ?

እኛ አገር «ብሩ የት ገባ?» የሚል ጥያቄ ሲነሳ የሚጠራው ኦዲተር ነው። ቤልጂየሞች ግን እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ላይ ማይክሮስኮፕ ጠሩ። የሚፈለገው ብር መስቀልና ጌጥ የሚሠራበት ብር ነበር፤ ኪስ ገባ ብሎ የተጠረጠረ የለም፣ የተፈራው ሳንባ እንዳይገባ ነው።

ነገሩ የጀመረው በኮሮና ጭንቅ ወራት፣ በ2020 ነው። የቤልጂየም መንግሥት ሉክሰምበርግ ከተመዘገበ ኩባንያ 15 ሚሊዮን የጨርቅ ማስክ አዘዘ። ሕዝቡ 11 ሚሊዮን ተኩል ግድም ነበርና ለእያንዳንዱ አፍ ደርሶ ይተርፋል። በየፋርማሲው በነፃ ታደለ። ዓመት ሳይሞላው ሲያንሳኖ የሚባለው የአገሪቱ የጤና ምርምር ተቋም ማስኩ ውስጥ የብርና የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ናኖ ቅንጣቶች መኖራቸውን የሚጠቁም ሪፖርት ይዞ ብቅ አለ። የበላይ የጤና ምክር ቤቱም ለጥንቃቄ ሲባል ይቅርባችሁ ብሎ መከረ። እስከዚያ ስንቱ አጥልቆት ከርሟል።

ይህን የሰፈራችን ጀበና ቡና ላይ ብተርክ፣ አንዱ ስኒውን ሳያስቀምጥ «አፍ በብር መዝጋት እኛ ጋ ጉቦ ይባላል፤ እነሱ ጋ የጤና ፕሮግራም ሆነ?» አለኝ። ቡና የምታፈላዋ እህታችንም አልቀረችም። «እኔ ለብር ብዬ ስንት ዓመት ከሰል አራግባለሁ፣ እነሱ በነፃ ይተነፍሱታል!»

ለነገሩ በብር በኩል ከቤልጂየም ጋር የቆየ ዝምድና አለን። አያቶቻችን በተገበያዩበት ብር ላይ ያለችው ማሪያ ቴሬዛ፣ በዘመኗ የዛሬዋን ቤልጂየም አብዛኛውን ክፍል ትገዛ ነበር። ልዩነቱ፣ የእኛ ብር 28 ግራም ይመዝናል፤ ሲወድቅ ድምፁ ይሰማል። የናኖ ብር ቅንጣት ከ100 ናኖ ሜትር አይበልጥም። የራስ ፀጉር ውፍረት 80 ሺህ ናኖ ሜትር ገደማ ነው። ይሄ ቢወድቅም አትሰማ፣ ቢገባም አታይ።

እስቲ ብር የገባበት ማስክ የሚሸጠውን ሰው እናናግረው።

«ወንድሜ፣ ይሄ ማስክ ጀርም ይገድላል!»
«በምኑ?»
«ብሩን ቀስ እያለ ይለቃል።»
«ለማን?»
«ለጀርሙ ነዋ!»
«ጀርሙ የት ነው ያለው?»
«አፍና አፍንጫህ ላይ።»
«እንግዲያ አድራሻው የእኔ ነው።»
«ኧረ አይደለም፣ ብሩ ከክሩ ጋር ተጣብቋል፤ ምንም አይወጣም።»
«ካልወጣ ምኑ ነው የሚገድለው?»

እዚህ ላይ ሻጩ ሌላ ደንበኛ መጣለት።

ካልሲም በዚሁ ወሬ ተሽጧል። እግር እንዳይሸት ብር የገባበትን ካልሲ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ውኃ ውስጥ እየነከሩ ፈተሹት፤ ውጤቱ በ2008 ታተመ። አንዳንዱ ካልሲ አራት ጊዜ ሲታጠብ ብሩ ሙልጭ ሊል ጥቂት ነው የቀረው። ብሩ ወደ ፍሳሽ ሄደ፤ ሽታው ከባለቤቱ ጋር ቀረ። ካልሲ ግን ቢያንስ ከአፍንጫ ይርቃል።

ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለው ደግሞ የግድግዳ ቀለምን የሚያነጣ ዱቄት ነው፤ የጥርስ ሳሙናም ውስጥ አለ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት፣ በተለይ በአይጥ ሳንባ ላይ የታየውን ይዞ፣ ሲተነፍሱት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ከሚላቸው ጋር መድቦታል። የሲያንሳኖ ሰዎች በ2022 ባሳተሙት ጥናት 12 ዓይነት ማስክ ፈትሸው በአሥራ ሁለቱም ውስጥ አገኙት። ማስክን አዘውትሮ ለሚያደርግ ሰው ወደ ውስጥ ቢገባ ችግር የለውም ብለው ያሰሉት 3.6 ማይክሮ ግራም ነው። በክሮቹ ገጽ ላይ አለ ብለው የገመቱት ከ17 እስከ 4,394 ማይክሮ ግራም ደረሰ። ትንሹ አምስት እጥፍ ግድም፣ ትልቁ ከ1,200 እጥፍ በላይ! ሳንባ እንደ ግድግዳ ለበዓል ኖራ ይቀባ ያለ ማን ነው?

ሐሜት እንዳይሆንብኝ ግን ይህንንም ልናገር። የለኩት ክሩ ላይ ያለውን እንጂ ሳንባ የገባውን አይደለም፤ ማስኩን አውልቁም አላሉም። ያሉት ይህ ዱቄት በማስክ ላይ ደንብ ይውጣለት ነው። ትልልቁን አቧራ አፍንጫና አክታ ይመልሱታል፤ እንዲህ የደቀቀው ግን እስከ ሳንባ ጓዳ ድረስ ዘልቆ ሊያስቆጣ ስለሚችል፣ መጀመሪያ ማስጠናት ነበር፣ ከዚያ መሸጥ።

ብረት ወደ ሳንባ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ የብየዳ ልጆችን ጠይቁ። ዚንክ የተቀባ ብረት ሲበይዱ የዋሉ ቀን፣ ማታ ብርድ ብርድ ይላቸዋል፣ ያተኩሳቸዋል። ያ ጭስ ነው፣ መጠኑም ከማስክ ጋር አይወዳደርም። መድኃኒቱ ወተት ነው ይላሉ። ወተቱ ወደ ጨጓራ፣ ጭሱ ወደ ሳንባ፤ መንገድ ላይ እንኳ ሰላም አይባባሉም!

ብርን በአፉ የወሰደ ደግሞ አለ። የአሜሪካዋ ሞንታና ግዛት ፖለቲከኛ ስታን ጆንስ፣ በ1999 ኮምፒውተሮች በ2000 ሲበላሹ መድኃኒት ይጠፋል ብሎ ሰጋና የብር ውኃ ቤቱ እያዘጋጀ ጠጣ። ቆዳው ሰማያዊ ግራጫ ሆኖ ቀረ። በ2002 በዚያው መልኩ ለአሜሪካ ሴኔት ተወዳደረ። የቡናው ሰውዬ ይህን ሲሰማ «ብር የበላ ሁሉ እንዲህ ሰማያዊ ቢሆን፣ ኦዲተር ምን ሊሠራ!» አለ።

የሕክምና ማስክ ቅንጣት የሚያስቀረው በፕላስቲክ ክሩ መጠላለፍና የኤሌክትሪክ ሙል በያዘው መካከለኛ ሽፋኑ ነው። ለዚህ ሥራ ብርም ቲታኒየም ዳይኦክሳይድም አይፈልግም። ስለዚህ ሻጩ «ይሄኛው እንኳ ምንም የተጨመረበት ነገር የለም» ብሎ ሲያጣጥልልህ፣ እሱን ግዛ።