ለመቆጠብም ብር አጣን

ምክር አላጣንም። ሬዲዮ ሲከፈት ቆጥቡ፣ ባንክ ደጃፍ ላይ ቆጥቡ፣ የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ሊያልቅ ሲል ቆጥቡ። አሁን ደግሞ ጥፍራቸውን ያሳመሩ ወጣቶች ስልካችን ውስጥ ገብተው፣ ባዶ የማር ብርጭቆ ላይ ገመድ እየጠመጠሙ የአበባ ማስቀመጫ አሠራር ያስተምሩናል። እሰይ፣ ያምራል። ግን የአበባ ማስቀመጫ መቼ ቸገረን? ሽንኩርቱ ነው እንጂ!

ደግሞስ ዕቃ መልሶ መጠቀምን ለእኛ ቤት ማን ያስተምራል? የኒዶ ጣሳ ወተቱ ሲያልቅ በርበሬ ይይዛል፤ በርበሬው ሲሟጠጥ ቡና ይገባበታል፤ ዝገት ሲጀምረው አፈር ተሞልቶ ጤና አዳም ይተከልበታል። የዘይት ጀሪካን ውሃ ይቀዳበታል፤ ሲሰነጠቅም አናቱ ተቆርጦ የከሰል ማስቀመጫ ይሆናል። ያደረ እንጀራ ፍርፍር ነው፤ ከፍርፍር የተረፈው ፀሐይ መትቶት ድርቆሽ ነው። ያለቀ የመኪና ጎማ በረባሶ ሆኖ ስንቱን ገበሬ ስንት ዳገት አውጥቷል። መርካቶ ምናለሽ ተራ የዘለቀ ሰው ደግሞ ባዶ በርሜል በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ምድጃ ሲሆን አይቷል፤ ጆሮውም ሳይደነቁር አልወጣም። እናቶቻችን «አትጣይው፣ ይጠቅማል» ይሉና ከአልጋ ሥር ይከቱታል። በቃ፣ ትምህርቱ ይኸው ነበር።

ዛሬ ከአልጋ ሥር ቦታ የለም። ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ዕቃ ቤት የሚባል ነገር የት ይገኛል? ከአልጋው ሥር ሻንጣ፣ ከሻንጣው ላይ ብርድ ልብስ፣ ከብርድ ልብሱ ላይ የሕፃን መታጠቢያ ታጭቋል። ዕቃውም ቢሆን ለመጠራቀም የሚበቃ አይደለም። ባለፈው ክረምት የተገዛ ሳፋ ለዘንድሮ ክረምት አይደርስም፤ ሙቅ ውሃ ሲነካው ይጣመማል። የመጥረጊያው እጀታ በአንድ ወገን፣ ራሱ በሌላ ወገን ይሄዳል። የፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ወፈር ያለ እንግዳ ሲቀመጥ ቤተሰቡ በሙሉ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ክዳኖችስ፣ እባካችሁ፣ ወዴት ነው የሚሄዱት? በየቤቱ ምግብ መያዣው ሞልቷል፣ ክዳኑም ሞልቷል፤ አንዱ ከአንዱ አይገጥምም።

ድሮ ለስላሳ ለመግዛት ባዶ ጠርሙስ ሳይዙ ሱቅ መሄድ ዘበት ነበር። ባለሱቁ ጠርሙሱን ወይም ማስያዣውን ሳይቀበል አይለቅም፤ ጠርሙሱም ወደ ፋብሪካው ተመልሶ፣ ታጥቦ፣ እንደገና ይሞላል። ልጆች ሆነን ጠርሙስ ሰብረን የተገረፍነው በዚህ ምክንያት ነው። አሁን በፕላስቲክ ሆነና ጠያቂ የለም። ሃይላንዱ ግን ኩሽና ጥግ ይቆለላል። በአንዱ በረኪና ይገባል፣ በሌላው ፈሳሽ ሳሙና፣ ሌላው ውሃ ሞልቶበት ፍሪጅ ውስጥ ይቆማል። የቀረውን ምን እናድርገው?

«ለቆራሌው ስጪ» ትሉኛላችሁ። ቆራሌው እሑድ ጠዋት እንቅልፍ ሳይጠገብ ሕንፃውን በድምፁ አናውጦ፣ እኛ ዕቃ ታቅፈን ደረጃውን እስክንወርድ ሌላ ብሎክ ይደርሳል። ሮጠን ስንደርስበት «ማዘር፣ ይሄን ማንም አይወስደው» ይላል። እሱ የሚፈልገው መዳብ ነው፣ ብረት ነው፣ ከተቻለም የሚሠራ ቴሌቪዥን ነው። ልዋጩም ያው ነው። ደህና ሱሪ፣ ደህና ሹራብና አንድ ጥንድ ጫማ አገላብጦ አይቶ፣ አንገቱን በሐዘን ነቅንቆ፣ ብርሃን የምታሳልፍ ሳፋ ያወጣል። «ጨምር እንጂ ልጄ» ሲባል አንድ የሻይ ማጥለያ ጣል ያደርጋል። ሳፋዋም ያቺው ለክረምት የማትደርሰው ናት።

እናስጠግነው ብንል ጠጋኙ ጠፍቷል። ጫማ ሰፊው አጥሩ ጥግ ነበር፤ መንገዱ ሲሰፋ አጥሩም እሱም ተነሱ። ዚፕ የምትቀይረው ልጅ ወዴት እንደሄደች የሚያውቅ የለም። በክረምት ጃንጥላ የሚጠግኑት ሰዎች ዛሬም አልፎ አልፎ ይታያሉ፤ እግዜር ይስጣቸው። የተገኘው ጠጋኝ ደግሞ ዋጋ ሲጠራ ከአዲሱ ዕቃ ብዙም አይርቅም። እሱን መውቀስ አልችልም፤ መለዋወጫው በዶላር የሚመጣ ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቅቆ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲወጣ፣ የምጣዱ ረዚስታንስም የዚፑ ጥርስም ተከትለው ወጡ። ደመወዛችን ብቻ ታች ቀርቶ ቀና ብሎ ያያቸዋል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን «በጅምላ ግዙ» የሚለው ምክር ነው። ልክ ነው፣ ማን ይክዳል? ጤፍ በኩንታል፣ ከሰል በማዳበሪያ፣ ዘይት በ20 ሊትር፣ ሳሙና በካርቶን ሲገዛ ይረክሳል። በኪሎ፣ በፌስታል፣ በሊትር፣ በፍሬ ሲገዛ ይወደዳል። እንግዲህ በአንድ ጊዜ ዘርግፎ የሚያወጣው ብር ያለው ሰው ርካሹን ጤፍ ይበላል፤ ከእጅ ወደ አፍ የሚኖረው ውዱን። ከዚያ ያኛው ቆጣቢ ተብሎ ይመሰገናል፣ ለዚህኛው የቤት አያያዝ ምክር ይነበብለታል። ያኛውማ ምን አለበት? ጤፍ ሊወደድ ነው ሲባል ከወዲሁ ሁለት ኩንታል ያስገባል። እኛም እንደሚወደድ እኩል ሰምተናል፤ ወሬው ለሁሉም በነፃ ነው የሚደርሰው።

መብራትም ላይ ይኸው ነው። ታሪፉ በእርከን የተሠራ ሲሆን ብዙ የተጠቀመ በበለጠ ዋጋ ይከፍላል፤ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው የመጀመሪያው እርከን ርካሹ ነው። ሐሳቡ ደግ ነው፣ ድሃውን ለማገዝ ነው። ነገር ግን አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ተከራይ ከአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም፣ እያንዳንዱ ባንዲት አምፖልና ባንዲት ምድጃ ቢጨናነቅም ቆጣሪው የሚያየው አንድ ትልቅ ቤት ነው። ተያይዘው ውዱ እርከን ላይ ይወጣሉ፤ ሒሳቡ ሲመጣም «ማን ነው ካውያ የሚተኩሰው» እየተባለ ጠቡ ይጀመራል። በዚያ ላይ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል ተወስኗል። ምጣዱን እንኳ እንዴት እንደምንጠነቀቅለት! ሦስት ኪሎዋት ተኩል ግድም የሚስብ ጉድ ስለሆነ ሊጡ ሁሉ በአንድ ሙቀት ይጋገራል፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ በቀረው ትኩሳት የመጨረሻው እንጀራ ይወጣል፣ ቀጥሎ ድርቆሽ ይደርቅበታል። ይህን ሁሉ አስልተን ተነስተን፣ ሦስተኛው እንጀራ ላይ መብራቱ ድርግም! ምጣዱ ቀዝቅዞ እንደገና ሲጋል የፈጀው ደግሞ ከእኛው ሒሳብ ነው።

ፌስታልም ተከልክሏል። ስሱ፣ ማለትም 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች ውፍረት ያለው፣ በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ታግዶ ነበር፤ ፌስታሉ ግን አዋጁ ሳይደርሰው ሲንሳፈፍ ኖረ። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ያጸደቀው ጠበቅ ያለ ነው፤ ሲጠቀም የተገኘ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። መከልከሉን አልቃወምም፤ ቦዩን ዘግቶ ጎርፉን ቤት የሚያስገባው እሱ ነው። ግን እስቲ አስቡት፣ ኩሽና በር ጀርባ ፌስታል የሞላበት ፌስታል የሌለው ቤት አለ? ያን ያህል ዘመን አጥበን፣ ገመድ ላይ አስጥተን፣ አጣጥፈን ያኖርነው ሀብት ዛሬ የሚያስቀጣ ሆነ። ዘንቢል ያዙ ተባልን። የእናቶቻችንን ዘንቢል ደግሞ ፌስታል ሲመጣ ኋላ ቀር ነው ብለን የጣልነው እኛው ነን።

እንግዲህ ብሎክ ውስጥ ተመካክረን፣ አራት ሆነን ኩንታል ጤፍ እንካፈል አልን። ምድር ቤት ያሉት እትዬ «ልጆቼ፣ እኔ ዘንድ ይቀመጥ፤ ደረጃ አትውጡበት» አሉ፤ ባለሱቁን ሚዛን ለመዋስም ታሰበ። ሦስታችን ብሩን ሰጠን። አራተኛዋ ደመወዝ እስኪገባላት ጠበቅናት፤ ምን ይደረግ፣ ደመወዟ ዘገየ። ሲገባላት ጤፉ ጨምሯል፤ ያዋጣነው አልበቃም። ልዩነቱን እንጨምር ሲባል ደግሞ የእኛ ደመወዝ አልቋል። እትዬ ብሩን ቆጥረው መለሱልን፣ እኛም እየተሳሳቅን በየኪሏችን ወደ ሱቁ ወረድን። ባለሱቁ ሚዛኑ ላይ ጤፉን ካፈሰሰ በኋላ ቀና ብሎ «ዘንቢል ይዛችኋል?» አለን።