በጥቁር ፌስታል የታሰረ ሥጋ ዕድሜ፦ ከአየር ጤና እስከ አጠና ተራ የተደረገ ጥናት

ፍሪዘር ውስጥ የገባ ምግብ ስንት ጊዜ ይቆያል ለሚለው ጥያቄ የውጭ ምሁራን መልስ ሰጥተው ጨርሰዋል። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ሳይዋዥቅ የተቀመጠ ምግብ ለጤና የሚያሰጋበት ቀን የለውም፤ ቀን የተቆረጠው ለጣዕሙ ነው። የተፈጨ ሥጋ ከ3 እስከ 4 ወር፣ የተሠራ ወጥ ከ2 እስከ 3 ወር፣ ያልተቆረጠ ዶሮ እስከ ዓመት። ብርዱ ተሕዋስያንን ያስተኛቸዋል እንጂ ሁሉንም አይፈጅም፤ ጮማው ደግሞ ተኝቶም ቢሆን ጠረኑን መለወጡን አያቆምም፤ እርጥበቱም ከላይ ከላይ እየተነነ ግራጫ ደረቅ ምልክት ይተዋል። በ1979 እ.ኤ.አ. አላስካ ውስጥ ከበረዶ የወጣ፣ ከ36 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ጎሽ ነበር። ዴል ገስሪ የተባሉት ተመራማሪ በ1984 እ.ኤ.አ. ከአንገቱ ትንሽ ቆርጠው፣ ከአትክልት ጋር ቀቅለው፣ ከእንግዶቻቸው ጋር በልተውታል። የታመመ የለም።

ሆኖም የመሥሪያ ቤቱ ሰንጠረዥ የተዘጋጀው ባለቤቱ ያስቀመጠውን ያውቃል፣ ያስቀመጠበትን ቀን ያስታውሳል፣ መብራትም አለ ተብሎ ታስቦ ነው። ይህ ጥናት የተነሣው ከዚህ ክፍተት ነው።

የጥናቱ ክልል ኮልፌ ቀራንዮ ሲሆን አየር ጤናን፣ ቤተልን፣ ዓለም ባንክን፣ ወይራ ሰፈርንና አጠና ተራን ይነካል። ናሙናው የተመረጠው በዕጣ ሳይሆን በጉርብትና ነው፤ የሰው ፍሪጅ ከፍቶ ለማየት ሌላ ሳይንሳዊ ዘዴ እስካሁን አልተገኘም። መጠይቁ የቀረበላቸው እማወራዎች ከመልሳቸው በፊት «በመጀመሪያ ቁጭ በል፣ ቅመስ» ስለሚሉ፣ አብዛኛው መረጃ የተሰበሰበው በአፍ ነው።

ስለ ይዘቱ። በጥናቱ ክልል ዕቃው ላይ የተጻፈው ከውስጡ ካለው ጋር ዝምድና የለውም። የአይስክሬም ዕቃ ሲከፈት በርበሬ፣ የእርጎው የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት፣ የማርጋሪኑ የሸኖ ቅቤ ነው። ውኃ የቀዘቀዘበት ሃይላንድ ብቻ ሃይላንድ ሆኖ ተገኝቷል። ከሁሉም ጀርባ፣ ከግድግዳው በረዶ ጋር አንድ አካል የሆነ ጥቁር ፌስታል አለ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ማጽደቁ ለሥጋ ዕድሜ ምርምር ትልቅ አስተዋጽኦ አድርጓል፤ ማናቸውም ጥቁር ፌስታል ከአዋጁ በፊት እንደታሰረ መገመት ይቻላልና። ሁለት ጎረቤቶች ይህን ግምት ከገበያ በያዙት አዲስ ጥቁር ፌስታል ውድቅ አድርገውታል።

ፌስታሉ ውስጥ ምን እንዳለ ለማወቅ ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ፤ በእጅ መመዘንና በጣት ማንኳኳት። ያልገጠመው ሰው ስልቱን ቢንቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን የተማሩትም አልቻሉም። በ1951 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ የአሳሾች ክበብ በተባለው ማኅበር ግብዣ ላይ የጥንት ግዙፍ አውሬ ሥጋ ቀረበ ተብሎ ለዓመታት ሲወራ ኖረ። በግብዣው ያልተገኘ አንድ አባል ድርሻው በጠርሙስ ተልኮለት፣ ጠርሙሱም ሙዚየም ገብቶ ስለነበር፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የዘረመል ምርመራ ተደረገለት። የባሕር ኤሊ ነው።

የዕድሜ አቆጣጠሩ በበዓል ነው። «ይኼ የመስቀሉ ነው»፣ «ያ የፋሲካው ቅርጫ ነው» ይባላል፤ የየትኛው ዓመት ፋሲካ እንደሆነ መጠየቅ ግን የቤቱን አያያዝ እንደ መንቀፍ ይቆጠራል። ከቅርጫው መደብ የተረፈው ከቅበላ በኋላ 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀናት ከጎመኑ በላይ ባለው መሳቢያ ያሳልፋል። ይህ ከሰንጠረዡ ጋር አይጋጭም፤ የተፈጨ ሥጋ እንኳ ሁዳዴን ጾሞ ጣዕሙ ሳይጓደል ለፋሲካ ይደርሳል። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ጎረቤት የዒድ አል አድሃን እርድ ሦስት ቦታ ከፍሎ፣ አንዱን ለድኻ፣ አንዱን ለዘመድና ለጎረቤት ሰጥቶ፣ የቤቱን ድርሻ ያስቀምጣል። አረፋ በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ስለሚቀድም «የአረፋው» የተባለ ፌስታል ክረምት ወይም በጋ መግባቱን ከስሙ ማወቅ አይቻልም። አንድ ፍሪዘር ሁለት ቤት ሲያገለግል የክርስቲያኑ በቀኝ፣ የሙስሊሙ በግራ ይሆናል፤ በጥናቱ ጊዜ ይህን ድንበር የተሻገረ ፌስታል አልተመዘገበም። በክፍለ ከተማው ካሉ ድንበሮች ሁሉ ያለ ካርታና ያለ ክስ የሚከበረው ይህ ነው።

ዋናው ተለዋዋጭ መብራት ነው። ሳይከፈት የቆየ ሙሉ ፍሪዘር ያለ መብራት 48 ሰዓት፣ በግማሽ የተሞላው 24 ሰዓት ብርዱን ይይዛል። ከታች ያለው ተራው ፍሪጅ 4 ሰዓት ብቻ ነው ያለው። «ሳይከፈት» የሚለው ቃል በጥናቱ ክልል ተግባራዊ ሊሆን አልቻለም። መብራት ሲጠፋ የቤተሰቡ አባል ሁሉ ቀልጦ እንደሆነ ለማየት በየተራ ይከፍታል፤ ባየ ቁጥርም ይቀልጣል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግድብ ውኃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ ሲታደል፣ ሥጋውም በፈረቃ ቀልጦ በፈረቃ ቀዝቅዟል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ከ5 ሺህ ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት አቅም አለው፤ ግድቡ ባለበት በጉባና በወይራ ሰፈር መካከል ግን ትራንስፎርመር የሚባል ነገር አለ። ስታብላይዘሩም የተገዛው ለፍሪጁ ነው፤ ሥጋውን አይመለከትም።

በመሆኑም የኮልፌ ሥጋ ዕድሜ ከገባበት ቀን ሳይሆን መብራት ለመጨረሻ ጊዜ ለረጅም ሰዓት ከጠፋበት ቀን መቆጠር አለበት። በረዶው ጨርሶ ያልለቀቀ ሥጋ ተመልሶ ቢቀዘቅዝ አይጎዳም፤ ጭማቂውን እያፈሰሰ ስለሚሄድ በመጨረሻ መጥበሻው ላይ ጥብስ ሳይሆን ቅቅል ይሆናል እንጂ። ቀልጦ ለብ ብሎ ከዋለ በኋላ የቀዘቀዘውን ግን መልኩ አያጋልጠውም። ለዚህ የታወቀ ዘዴ አለ፦ በብርጭቆ ውኃ አቀዝቅዞ፣ በበረዶው ላይ ሳንቲም ማስቀመጥ። ሳንቲሙ ሰምጦ ከተገኘ፣ ሰው በሌለበት ቀልጦ ነበር ማለት ነው። ለጥናቱ የ1 ብር ሳንቲም የተመረጠችው ሌላ ሥራ ስለሌላት ነው። ሳንቲሟ ብርጭቆው ወገብ ላይ ቆማ ተገኝታለች። እማወራዋ «ቢሆንም ግማሹ አልቀለጠም» ሲሉ ውጤቱን ተርጉመውታል።

ለሥጋ ወዳጆች አንድ የማያስደስት ግኝት አለ። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ 10 ቀን የቆየ የበሬ ሥጋ ውስጥ ያለ የኮሶ ትል እጭ ይሞታል። አያቶቻችን የኮሶ አበባ በጥብጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የጠጡለት ጉዳይ በፍሪዘር ያልቃል ማለት ነው፤ ስለዚህ ለክትፎ የሚመረጠው የከረመ ሥጋ መሆን ነበረበት። ሐሳቡ ለአንድ የክትፎ ቤት ባለቤት ሲቀርብ ቃለ መጠይቁ ተቋርጧል። እኚሁ ሰው ወደ በሩ እየሸኙ፣ ከክትፎው ጋር የሚቀርበው ቆጮ በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ያለ መብራት እንደሚቀመጥ አስገንዝበዋል።

ጥናቱ በመጨረሻ በእያንዳንዱ ፌስታል ላይ ቀን እንዲጻፍ መክሮ ነበር። አንድ ቤት ግን ምክሩን ቀድሞ ተግባራዊ አድርጎ ተገኘ፤ ፌስታሉ ላይ በፕላስተር «15/4/17» የሚል ተለጥፏል። ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው የሚለው ወገን ተቃውሞ ገጠመው፤ ያ ቀን በነቢያት ጾም ውስጥ ስለሆነ ያ ቤት ሥጋ አይገዛም። ኤፕሪል 15 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ነው ያለው ወገን ደግሞ ቀኑ ሚያዝያ 7 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ የዚያ ዓመት ቀዳም ሹር፣ የቅርጫ ዋዜማ መሆኑን አስረድቶ አሸነፈ። በሂጅራ 1417 ሊሆን ይችላል የሚለው የጎረቤት አስተያየት፣ ፍሪጁ ያኔ አልተገዛም በሚል ውድቅ ተደርጓል። የአላስካው ጎሽ ተጠቅሶ፣ ስምንት ዓመት የሞላው የፋሲካ ሥጋ ለጤና እንደማያሰጋ ስምምነት ላይ ሲደረስ፣ ፌስታሉ ጠረጴዛው ላይ ቀልጦ ነበር። ተፈታ። ዓሣ ነው። ታኅሣሥ 15 እንደገና ወደ ውይይቱ ገብቷል።