በዕረፍት የደከመች ከተማ

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በሥራ አይደለም፤ በመታጠብ ነው። እቴጌ ጣይቱ የእንጦጦ ብርድ ሲሰለቻቸው ወደ ፍልውሃ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር። ቦታው ቢስማማቸው በ1879 ዓ.ም. ቤት አሠሩበት፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱ ዙሪያውን ሰፈሩ፣ ሕዝቡ መኳንንቱን ተከተለ፣ ሰፈሩ ከተማ ሆነ። የአገሪቱ ርእሰ ከተማ፣ የዛሬዋ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ፣ የተጀመረችው እቴጌይቱ «እስቲ ትንሽ ሞቅ ልበል» ብለው ከተራራ ስለወረዱ ነው ማለት ይቻላል።

እኛ ወራሾቻቸው ግን ዕረፍት ሲያምረን ፊታችንን የምናዞረው እሳቸው ወደሸሹት ተራራ ነው። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ቅዳሜና እሁድ ጃኬት ደርበን፣ በመኪና ተጋፍተን፣ ማቆሚያ ስንፈልግ ተጣልተን ሽቅብ እንሄዳለን። ክፋት የለውም። አየሩ ንጹሕ ነው፤ ባሕር ዛፉም ደስ የሚል ሽታ አለው። ነገር ግን ስንመለስ «አረፋችሁ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀን የለም፤ «ፎቶ የታለ?» እንጂ። የዚህች ከተማ ሰው ማረፍ የማይችል ሆኖ ሳይሆን፣ ማረፉን የሚመሰክርለት ካላገኘ ያረፈ አይመስለውም ብዬ ከጠረጠርኩ ሰንብቻለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ዓርብ ማታ ነው። ዓርብ ማታ የማይምል የለም። «ነገ እስከ 5 ሰዓት እተኛለሁ፤ ስልክ አላነሳም፤ ከአልጋዬ የሚያስነሳኝ ማን እንደሆነ አያለሁ!» መሐላው እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ይጸናል። 9 ሰዓት ላይ ቧንቧው ማንኮራፋት ይጀምራል። ቀናት ጠፍቶ የከረመ ውኃ በፈረቃው ሲመጣ መጀመሪያ አየር ይተፋል፤ ቀጥሎ ያስላል፤ ከዚያ ቡናማ ነገር ጠብ ጠብ ያደርጋል። ያን ድምፅ ሰምቶ ተመልሶ የሚተኛ አዲስ አበቤ ገና አልተወለደም። ባልዲው፣ ጀሪካኑ፣ የሕፃኑ ሳፋ፣ አልፎ ተርፎም የወጥ ድስቱ ይደረደራል። ሲነጋ ዕቃው ሁሉ ሞልቷል፤ ባለቤቱ ግን ባዶ ነው። ውኃ ከተገኘ ደግሞ ልብስ ይታጠባል፤ ልብስ ከታጠበ ምንጣፉ ለምን ይቀራል? 3 ሰዓት ሲሆን የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ከላይ እስከ ታች አረፋ ለብሷል፤ ከአራተኛ ፎቅ የተሰቀለ ምንጣፍ አንደኛ ፎቅ በተሰጣ በርበሬ ላይ ይንጠባጠባል። በዚህ ሰበብ የሚደረገው የሐሳብ ልውውጥ ከሩቅ ይሰማል።

የቀረው ቅዳሜ የዕዳ ቀን ነው። ሳምንቱን ሙሉ «ቅዳሜ እመጣለሁ» ያልናቸው ሁሉ በአንድ ቅዳሜ ይጠብቁናል። ለቅሶ መድረስ አለ፤ የወለደች መጠየቅ አለ፤ የታመመ ማየት አለ፤ ወሩ ጥር ከሆነ ወይም ፋሲካ ካለፈ ደግሞ ሰርግ አለ። ለቅሶና ሰርግ በአንድ ቀን ሲገጥሙ አንዱን መቅረት አይታሰብም፤ ለቅሶ የቀረ ይታዘቡታል፣ ሰርግ የቀረ ይቀየሙታል።

ሰሞኑን ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ አንዲት ሴትዮ ተቀመጡ። ጥቁር ለብሰዋል። ነጠላቸውን ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው አንገታቸው ላይ ጠምጥመውታል። ፊታቸውም ከነጠላው ጋር ይስማማል። ጥቂት እንደሄድን ስልካቸው ጠራ። «እየደረስኩ ነው! ሙሽሮቹ ገቡ እንዴ?» አሉ። ስልኩን ዘጉና ነጠላቸውን ፈቱት፤ አራገፉት፤ ጥለቱን ወደ ታች ገልብጠው መልሰው ደረቡት። ከቦርሳቸው መስታወትና የከንፈር ቀለም ወጣ። ሳር ቤት ስንደርስ የወረዱት ሌላ ሴትዮ ናቸው። ከሜክሲኮ ጀምሮ ሁሉን ሲያይ የመጣው ወያላ መልሱን እየሰጣቸው፣ «እማማ፣ እንኳን ደስ አለዎት» አላቸው። እሳቸውም ሳያቅማሙ፣ «እንኳን አብሮ ደስ አለን፣ ልጄ» ብለው ወረዱ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በሳምንት ውስጥ ከ24 ተከታታይ ሰዓት ያላነሰ ዕረፍት እንዲያገኝ ይደነግጋል። ጥሩ ሕግ ነው። ጉድለቱ ከአሠሪ እንጂ ከዘመድ አለማስጣሉ ብቻ ነው።

ወንዱ በበኩሉ ከዕዳው የሚያመልጥበት አገር አለው፤ እንግሊዝ። ቅዳሜ ከ8 ሰዓት ተኩል ወይም ከ9 ሰዓት ተኩል ጀምሮ፣ እንደ እንግሊዞቹ የሰዓት ለውጥ፣ የሰፈሩ ወንድ ወደ ዲኤስቲቪ ቤት ይነጉዳል። መስኮቱ በጥቁር መጋረጃ የተሸፈነ፣ የፕላስቲክ ወንበር ጉልበት ለጉልበት የተደረደረበት አዳራሽ ነው። ለንደንን በካርታ አሳይ ቢባል የሚቸገር ሰው የአርሴናልን ተከላካይ ጉልበት ከራሱ ጉልበት አብልጦ ያውቃል። ሲያሸንፉ «አሸነፍን» ይላል፤ ሲሸነፉ ግን «ተሸነፉ»።

ይህም ቢሆን ደግ ነበር። ጨዋታ አይቶ፣ ጮኾ፣ ድራፍቱን ጠጥቶ መግባት የታወቀ ደስታ ነው። ነገሩን ያበላሸው ቤቲንግ ነው። አሁን አዳራሹ ውስጥ ትልቁን ስክሪን የሚያየው ግማሹ ነው፤ ሌላው ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት ፊት ለፊቱ ማንቸስተር እየተጫወተ፣ እሱ ስሙን አስተካክሎ የማይጠራው አንድ የቱርክ ቡድን ማዕዘን ምት እንዲያገኝ ስለት ይሳላል። ጎል ሲገባ ሁላችን ስንነሳ ተቀምጦ ቀረ፤ ሁላችን ስንቀመጥ ብቻውን ተነሥቶ ራሱን ያዘ።

«ምነው?» አልኩት።

«ተቃጠለች።»

«ስንት ቀርቶህ ነበር?»

«አንድ! አንድ ብቻ!»

ሁልጊዜ አንድ ብቻ ነው የሚቀረው። ሁለት ቀርቶት የተቃጠለበት ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ለመዝናናት መጥቶ ደም ግፊቱን ጨምሮ የሚመለሰውን ወንድ ሚስቱ ማታ «እንዴት ዋልክ?» ስትለው «ተዝናናሁ» ይላታል። ፊቱን እያየች ዝም ትላለች። የለቅሶ ቤቱ ወሬ እንኳ ከዚህ ፊት ይሻላል።

እሁድ ደግሞ ተራው የጤና ነው። የጤና እሁድ ልብስ ይፈልጋል። የስፖርት ቱታው፣ ሩጫን በቴሌቪዥን ብቻ የሚያውቀው አዲስ ጫማ፣ እርምጃ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት። ቡድኑ ወደ እንጦጦ ይወጣል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሳንባ ቀልድ አያውቅም፤ ከመጀመሪያው ዳገት በኋላ ጨዋታ ይቆማል፣ ፎቶ ይበዛል። ፎቶ ማለት ትንፋሽ መሰብሰቢያ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አያነሳውም።

በዚያው መንገድ ዳር አንድ ጠዋት የማገዶ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናት ከዚህ ዓይነት ቡድን ጋር ሲገናኙ አይቻለሁ። ሸክሙ ከእሳቸው ይረዝማል። ልጆቹ ፊታቸው ቀልቶ፣ ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል። እናትየው ጎንበስ እንዳሉ ቀና ብለው አዩዋቸው።

«ልጆቼ፣ ወዴት ናችሁ?»

«እንዲሁ ወደ ላይ ነው እማማ፤ ለጤና።»

«ውይ! እመቤቴ ትማራችሁ። ጸበሉ እኮ ፍቱን ነው፤ ብቻ እምነት ይኑራችሁ።»

መርቀዋቸው ቁልቁል ሄዱ። ልጆቹ ለአፍታ ተያዩ፤ ቀጥለውም ወጡ። የወጣውን ላብ የሚያካክሰው ነገር ከታች ሆኖ እንደሚጠብቅ ያውቃሉ፤ ከእንጦጦ የወረደ ሁሉ ማረፊያው ሥጋ ቤት ነው። በሁለት ሰዓት ዳገት የወረደውን ስብ ግማሽ ኪሎ ቁርጥ በአንዴ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ሰዓቱ የቆጠረው እርምጃ ግን ተመዝግቧል፤ እሱ አይሰረዝም።

ኪሱ የሚፈቅድለት እሁዱን ከከተማ ወጥቶ ያሳልፋል። ቢሾፍቱ ቅርብ ናት፤ በፈጣን መንገዱ ይደረሳል። ክፍያ ጣቢያው ላይ ተሰልፎ፣ ባቦጋያ ዳር ወንበር ይዞ፣ ሐይቁን ከኋላው አድርጎ ፎቶ ይነሣል። ሐይቁን ከፊቱ አድርጎ የሚቀመጥ ጥቂት ነው፤ ፊት ለፊቱ ስልኩ አለ። ወደ 10 ሰዓት ሲጠጋ «መንገዱ ሳይጨናነቅ እንመለስ» ይባላል። ሁሉም ይህንኑ ስለሚል መንገዱ በ10 ሰዓት ይጨናነቃል።

ፍልውሃ ግን እስከ ዛሬ እዚያው መሀል ከተማ ይፈላል። ሰዎች ተራቸውን ጠብቀው ይገባሉ፤ ፊታቸው አብርቶ፣ ፎጣቸውን በፌስታል አንጠልጥለው ይወጣሉ። ቀስ ብለው ይራመዳሉ። ማንም ፎቶ ሲያነሣ አይታይም፤ እዚያ ውስጥ የሚነሣ ፎቶ ለሰው የሚላክ አይደለምና። እንደ እንጦጦ ያልተወራለት በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

እሁድ ከሰዓትም እንዲሁ ነው፤ ማንም አይቆጥረውም። ከምሳ በኋላ ጀበናው ይጣዳል። ቤቱ የቡና ጢስ ይሸታል፤ ቅዳሜ በምንጣፍ ውኃ የተጣላችው ጎረቤት ሽታው ጎትቷት ፈንዲሻ በሰፌድ ይዛ ትገባለች። አቦሉ ላይ ስለ ምንጣፉ አይነሳም። ቶናው ላይ በቀልድ ይነሳል። በረካው ላይ ተነሥቶ ያልቃል፤ በርበሬውም ለሚቀጥለው ጠብ ይቀመጣል። አባወራው ሶፋው ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቷል፤ ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ካርታ ይጫወታሉ። ስልኩ ቻርጅ ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ያህል እንደ ዋዛ ያልፋል፤ ማንም ማንንም አላስደሰተም፣ ሁሉም ተደስቷል።

ሰኞ ጠዋት መሥሪያ ቤት ግን ይህ ሰው «ሰንበት እንዴት ነበር?» ሲባል አንገቱን ሰበር አድርጎ «ኧረ ምንም፤ እንዲሁ ቤት ነበርኩ» ይላል። ቢሾፍቱ የዋለው ግን ጸሐይ ያቃጠለውን አፍንጫውን እያሳየ በኩራት ይተርካል። ወገቡን ይዞ ነው የሚተርከው። ሁለቱን ላየ ያረፈው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ የሚቀናው ግን ያረፈው በደከመው ላይ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሕግ አልሠራም፤ ምክርም አልሠራም። በዚህ ከተማ ትልቁም ትንሹም የሚገዛለት አንድ ተቋም አለ፤ እድር። ሚኒስትር ቢጠራው የሚያረፍድ ሰው የእድር ስብሰባ በሰዓቱ ይገኛል፤ የቀረ ስሙ ይጠራል፣ ይቀጣል፣ ቅጣቱን ሳይከራከር ይከፍላል። ስለዚህ የዕረፍት እድር ብናቋቁም ይሻላል። ዳኛ ይኑረው፤ ጸሐፊ ይኑረው፤ ገንዘብ ያዥም ይመረጥ። እሁድ ከሰዓት በቤቱ ተጋድሞ ያልተገኘ አባል ይቀጣ። ቡና ላይ ስልክ ያወጣ እጥፍ ይክፈል። በሐሳቡ ያማከርኳቸው የሰፈሬ ሽማግሌ በጣም ወደዱት፤ መተዳደሪያ ደንቡን ለማርቀቅም ፈቃደኛ ሆኑ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው፤ ስብሰባው መቼ ይሁን?

ተማከርን። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሰው ሥራ ላይ ነው። ቅዳሜ ለቅሶና ሰርግ አለ። እሁድ ጠዋት 2 ሰዓት እንዲሆን ተስማምተናል፤ የቀረ ይቀጣል።