የማኑዋል ለቀማ አጭር የሕይወት ታሪክ

ሟች ማኑዋል ለቀማ ከአባቱ ከአቶ ካርቶን፣ ከእናቱ ከወይዘሮ ፎቶ ኮፒ ተወለደ። ዕድሜው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት አልገባም፤ እኛን ግን አስተማረን። ባደረበት ቆሎ ምክንያት በጸበልም በፕላስተርም ሲረዳ ቆይቶ፣ እዚሁ ይጁቤ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ።

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ድንኳን አልተጣለም፣ ንፍሮም አልተቀቀለም። ዕድሩ «መዋጮ ከፍሎ አያውቅም» ብሎ ጥሩምባ አላስነፋም። እኔም የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤታችን በር ላይ ቆሜ ብቻዬን አነባለሁ።

ባሕር ማዶ ያሉት ዘመዶቹ የተከበሩ ናቸው። በጥር 1978 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአፕል ሁለት ኮምፒዩተር ማኑዋል በሽፋኑ ቀለም «ቀዩ መጽሐፍ» ተብሎ ይጠራል፤ የማሽኑ የሰርኪዩት ንድፍ ሳይቀር ውስጡ አለ። አይቢኤም በነሐሴ 1981 (እ.ኤ.አ.) ፒሲውን ሲያወጣ፣ ባዮስ የሚባለውን መነሻ ፕሮግራም መስመር በመስመር በመጽሐፍ አትሞ ሰጠ። ዛሬ የስልክ ካርቶን ስትከፍቱ የምታገኙት «ውሃ አታስነኩ» የምትል ብጣሽ ናት።

የእኛ ሟች የመጣው በመንግሥት ቤት በኩል ነው። ኮምፒዩተሩ በሞዴል 19 ቅጽ ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። ከካርቶኑ ሥር የቀረው ማኑዋል ግን የንብረት ቁጥር የለውም፤ ቁጥር የሌለው ነገር ደግሞ የማንም አይደለም። የማንም ያልሆነውን ስለቅም ኖርኩ። የፈረንጅኛውን ካነበብኩት ይልቅ የተንተራስኩት ይበዛል።

ውዱ ወረቀት አንድ ገጽ ብቻ ነበር፤ የአማርኛ ፊደል የትኛው ቁልፍ ላይ እንዳለ የሚያሳየው። በፕላስተር ስክሪኑ ጎን ይለጠፍ ነበር። ተነባቢውን መትተህ አናባቢውን ታስከትላለህ፤ ለሌላው ግን ወረቀቱን ቀና ብለህ ታያለህ። ጰን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ይጁቤ ውስጥ አላየሁም። እኛ ዘንድ የደረሰው ከፎቶ ኮፒ ላይ የተነሣ ፎቶ ኮፒ ስለነበር የሸ ባርኔጣ ተበልቶ ሰ ሆኗል። አዲስ የገባች ልጅ ለአንድ ወር ሁለት ሰ ያለ መስሏት አንዱን ለከተማ አንዱን ለገጠር ማመልከቻ ታደርገው ነበር።

ወረቀቱ የከበረበት ምክንያት ቀላል ነው። የዚያን ጊዜ አንድ ፎንት የሚይዘው 256 ቦታ ብቻ ነው፣ ከዚያም የተወሰነው አስቀድሞ ተይዟል። የእኛ ፊደል 33 ጊዜ 7፣ 231 ሆኖ ይጀምራል፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና አራት ነጥቡ ደግሞ ተከትለው ይመጣሉ። ስለዚህ ፊደሉ ለሁለትና ለሦስት ፎንት ተከፋፈለ። ከቀዳሚዎቹ አንዱ ፍሥሐ አጥላው በአሜሪካ ዳሽን ኢንጂነሪንግን መሥርቶ የግዕዝ ፊደልን ለፒሲ አበቃ፤ ሞዴት፣ አጋፋሪ፣ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ የተባሉት ፕሮግራሞችም ተከታተሉ። ችግሩ ፊደላቱን ሁሉም በየራሱ ቤት ማስቀመጡ ነው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ዛር የያዘው ሰው ይመስላል። የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚነግርህ ማኑዋሉ መጨረሻ ላይ ያለው ሰንጠረዥ ነበር።

የሟች ሕመም የጀመረው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው። ዩኒኮድ 3.0 የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ቁጥር ደረጃ ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቋሚ ቤት ሰጠው። እሰየው ነው፤ ባልደሰትበት ነውር ነበር። ከዚያ ስልክ መጣ፣ ልጆቹ ጰን በአውራ ጣት ያወጧት ጀመር። ወረቀቱን ቀና ብሎ የሚያይ ጠፋ።

ነፍሱ የወጣችው ግን ለፋሲካ ቤት ሲጸዳ ነው። ረዳቴ አቧራ የጠገበውን ካርቶን መንገድ ዳር ቆሎ ለምትሸጠው እትየ አስረከባት። «ጋሼ፣ ቆሻሻ መስሎኝ እኮ ነው» አለኝ። እትየ ግን ቆሻሻ አልመሰላትም፤ «ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ቆሎውን አያፈስም» ብላ መርቃዋለች። በሕይወቴ ከሰማሁት የማኑዋል ግምገማ ሁሉ ፍትሐዊው እሱ ነው።

ወር ሳይሞላ የአንድ ዕድር ጸሐፊ ፍላሽ ይዘው መጡ። አማት ሲሞት ስንት ይከፈላል በሚል አባላቱ ተጣልተው፣ የተፈረመበትን ደንብ አይጥ በልቶት፣ የቀረው ከድሮ ኮምፒዩተር የተገለበጠው ፋይል ብቻ ነው። ከፈትኩት፤ ከላይ እስከ ታች የፈረንጅ ፊደል፣ የጥያቄ ምልክትና ባዶ ሳጥን። ፎንቱ የለኝም። ሰንጠረዡ ደግሞ ሽምብራ ታቅፎ ገበያ ወጥቷል።

«እና አማቴስ?» አሉኝ ጸሐፊው። ለካ የራሳቸው ጉዳይ ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ቆሎ የምገዛው ከእትየ ብቻ ነው። ጥቅሉን እፈታለሁ፣ ቆሎውን ለረዳቴ እሰጣለሁ፣ ወረቀቱን በከባድ ብረት ጫን አድርጌ አቃናለሁ። ከሀ እስከ በ ያለው ተሟልቷል። ትናንት የዘ ቤት ወጣልኝ፤ የሱፍ ቅባት ነክቶታል፣ ግን ይነበባል።