«የለም» ለሚሉት ሹም የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር ሞጁል ኖት ፋውንድ ኤረር

ጉዳዩ፦ ያለውን የለም ስለማለትዎ

ክቡርነትዎ፣

በ2016 እ.ኤ.አ. ከፓይተን 3.6 ጋር፣ በኢምፖርት ኤረር ሥር ከተሾሙ ወዲህ በትጋትዎ እንከን አይወጣልዎትም። ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቁ እንኳ እርስዎ ከሥራ ገበታዎ ቀርተው አያውቁም። የወረታ ሩዝ ነጋዴ የጆንያውን ምልክት ሊያሠራ ቆሞ እየጠበቀ፣ ሊኑክስ ላይ ኢንክስኬፕን ከፍተን ከኤክስቴንሽኖቹ አንዱን ስንነካ ቀድመውን ይደርሳሉ፦ «ኤልኤክስኤምኤል የሚባል የለም።»

አቤቱታችን ሦስት ነው።

አንደኛ፣ የለም ያሉት ብዙ ጊዜ አለ። አንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ሦስት ፓይተን ሊኖር ይችላል። በፒፕ የጫንነው አንዱ ጋ ሲገባ ፕሮግራሙ የሚጠይቀው ሌላውን ነው። በስናፕ ወይም በአፕኢሜጅ የመጣው ደግሞ የራሱን ፓይተን ይዞ ስለሚመጣ ሲስተሙ ላይ የጫንነውን አያየውም። እርስዎ ግን የት እንደፈለጉ ሳይናገሩ መርዶ ብቻ አርድተው ይሄዳሉ።

ሁለተኛ፣ የጎደለውን በአንድ አፍ አይነግሩንም። ኤልኤክስኤምኤልን ስናመጣ «ነምፓይስ?» ይላሉ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ፣ አንድ ስም በጠሩ ቁጥር ፍላሽ ይዞ መንገድ መውጣት ነበር። ኤልኤክስኤምኤልም ብቻውን አይመጣም፤ በዴብ ፋይል ከሆነ ሊብኤክስኤምኤል2ንና ሊብኤክስኤስኤልቲን ያስከትላል።

ሦስተኛ፣ ስም ያምታታሉ። ለስቲከር መቁረጫው ትእዛዝ የሚያደርሰውን ሞጁል «ሲሪያል» ይሉታል። በዚሁ ስም ከፒፕ ስናስመጣ ጭራሽ የማናውቀው እንግዳ ከች ይላል፤ የእኛው ሰው መዝገብ ላይ የሰፈረው «ፓይሲሪያል» ተብሎ ነውና። እኛም የክርስትና ስም አለን፤ ቀበሌ ሄደን ግን በእሱ መታወቂያ አንጠይቅም።

ይህ እንዳይበቃ፣ ከዴቢያን 12 ወዲህ ፒፕ ራሱ በሲስተሙ ፓይተን ላይ ልጫን ሲል በሩ ይዘጋበታል። ቤቱ የአፕት ነው፣ ለደኅንነታችሁ ነው ተባልን። አመስግነናል።

የምንለምነው ብዙ አይደለም። «የለም» ከማለትዎ በፊት የፈለጉበትን ፓይተን አድራሻ ይጥቀሱልን። እስከዚያው ሥራዎን እኛው እንሠራለን፦ ኤክስቴንሽኑ ሲስ ኤክሰኪዩተብልን እንዲያሳየን አድርገን የትኛው ፓይተን እንደጠየቀ እናጣራለን። የሲስተሙ ከሆነ በአፕት «ፓይተን3-ኤልኤክስኤምኤል»ን እንጭናለን፤ ፕሮግራሙ ይዞት የመጣው ከሆነ ፕሮግራሙን ከአፕት እንደገና እንጭናለን። ደመወዙ ግን ለእርስዎ ይሁን።

ከሰላምታ ጋር
የወረታ ስቲከርና ባነር ሠሪዎች

ግልባጭ፦
ለኢምፖርት ኤረር፣ የበታች ሹማቸውን እንዲመክሩልን
ለፓይተን 2 ወራሾች፣ ሟች ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ከድጋፍ ውጭ ስለሆኑ
ለኤልኤክስኤምኤል፣ ባሉበት ፓይተን