ፖምፓው ነው!

መርሐቤቴ ውስጥ፣ ዓለም ከተማ ላይ አንድ ትራክተር ማረሻውን ማንሳት አቃተው እንበል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጭሱ ይትጎለጎላል፣ ሹፌሩ የሃይድሮሊኩን ማንሻ ወደ ላይ ይስባል። ከኋላ የተንጠለጠለው ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ ግን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ይልና ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያም ቀስ እያለ ወደ ነበረበት ይመለሳል። መጀመሪያ ልጆች ይሰበሰባሉ፣ ቀጥሎ ትልልቆቹ። በመጨረሻ ለሌላ ጉዳይ ይሄድ የነበረ፣ ትራክተር መንዳቱ ቀርቶ ተጎታቹ ላይ እንኳ ተሳፍሮ የማያውቅ ሰው ጋቢውን ወደ ትከሻው መለስ እያደረገ ይጠጋና ማንም ሳይጠይቀው ፍርዱን ይሰጣል፦

«ፖምፓው ነው!»

የቆመው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። ሹፌሩም ይነቀንቃል። ዘይቱን ያየ ግን አንድም ሰው የለም።

የዚህ ወግ ጸሐፊ ትራክተር የለውም፤ የሚያርሰውም መሬት የለውም። ይህች «ፖምፓው ነው» የምትባል ነገር ግን አንዴ ከጆሮው ገብታ አልወጣ ብላዋለች። አገሩ እንደሆነ ሳያይ መፍረድ ይችልበታል። መኪና አልነሳ ሲል «ባትሪው ነው»፣ ስልክ ሲሞት «ቦርዱ ነው»፣ ሰው አመመኝ ሲል «ጨጓራ ነው»፤ ጨጓራ ካልሆነ ደግሞ «ብርድ ነው»። በባትሪ የተሳሳተ ሰው ቢበዛ አፍሮ ዝም ይላል። በፖምፓ የተሳሳተ ግን የሰው ገንዘብና የሰው ክረምት ያስበላል።

ፖምፓ ዘይት ይገፋል እንጂ ግፊት አይፈጥርም። ግፊት የሚመጣው የተገፋው ዘይት መሄጃ ሲያጣ፣ ፒስተኑ ጋ ደርሶ ሸክሙን ሲጋፈጥ ነው። በዝግ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ የተጫነውን ጫና ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል እንደሚያደርስ ፈረንሳዊው ፓስካል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጽፎታል፤ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማም በዚሁ ሐሳብ የሚሠራ መጭመቂያ ፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1795 የባለቤትነት መብት አስመዝግቦበታል። «በዝግ ዕቃ» የምትለዋ ላይ ነው ቁም ነገሩ። ዘይቱ አንድ ቦታ ሾልኮ የሚያመልጥ ከሆነ ፖምፓው ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ቢሆን እንኳ ማረሻው አይነሳም። መሹለኪያው ደግሞ ሞልቷል። የፒስተኑ ኦሪንግ ይበላል፤ ሲሊንደሩ ይሰነጠቃል፤ ትርፍ ግፊት የሚያስተነፍሰው ቫልቭ ሞላው ደክሞ ወይም ቆሻሻ ተቀርቅሮበት ክፍቱን ይቀራል። አንዳንዴም የሚሾልክ ነገር የለም፤ ዘይቱ ራሱ ጎድሏል፣ ወይም ፊልትሮው በጭቃና በብናኝ ተደፍኗል። ያን ጊዜ ፖምፓው የሚገፋው ቢያጣ አየር ይስባል፣ ያላዝናል፣ ዘይቱም አረፋ ይደፍቃል። ሲያላዝን የሰማ ሁሉ «አላልኩም?» ይላል።

ማሴ ፈርጉሰን 135ን የመሰለው አሮጌ ቀይ ትራክተር ደግሞ የራሱ አመል አለው። ፖምፓው የተቀመጠው በሆዱ ውስጥ፣ ከሹፌሩ ወንበር ሥር ነው፤ ካምቢዮውም ዲፈረንሺያሉም የሚነከሩበት ያው ዘይት ውስጥ ይዋኛል። የሚያዞረውም ከኋላ ለሚገጠሙ መሣሪያዎች ጉልበት የሚያቀብለው የፒቲኦው ዘንግ ነው። ስለዚህ የፒቲኦው ማንሻ መሐል ላይ፣ ማለትም ባዶ ላይ ከተቀመጠ፣ ሞተሩ እስኪመሽ ቢጮኽ ፖምፓው አይዞርም። ባለ ሁለት ደረጃ ፍሪሲዮን ባለው ላይ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው የረገጠ ሹፌርም ፖምፓውን አብሮ አቁሞታል። ከወንበሩ በስተቀኝ ያሉት ሁለት ማንሻዎች ደግሞ አንዱ ለጥልቀት፣ ሌላው ለከፍታ ናቸው፤ የጥልቀቱ ወደ ላይ ካልተመለሰ የከፍታው አይታዘዝም። እዚህ ሁሉ ላይ የተበላሸ ዕቃ የለም፤ መፍቻም አያስፈልግም፣ እጅ ብቻ ይበቃል።

«ፖምፓው ነው» ማለት ግን ሆዱን ቅደዱት ማለት ነው። ፖምፓው እንዲወጣ ወንበሩ ይነሳል፣ ከላይ ያለው ከባዱ የሃይድሮሊክ ክዳን በሰንሰለት ይወጣል፣ የፒቲኦው ዘንግ ከኋላ ይመዘዛል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቀደዳል። ዓለም ከተማ ውስጥ ካርል ሃይንዝ በም የመሠረተው «ሰዎች ለሰዎች» ድርጅት ያስገነባው እናት ሆስፒታል አለ። እዚያ ሆዴን አመመኝ ብሎ የሄደ ሰው ከበሩ ላይ ዘበኛው «ትርፍ አንጀት ነው» ቢለው፣ ሐኪሙም የዘበኛውን ቃል ይዞ ቢላ ቢያነሳ፣ መርሐቤቴ በሙሉ አደባባይ ይወጣ ነበር። ትራክተሩ ላይ ሲሆን ግን ዘበኛውን ሻይ እንጋብዘዋለን።

ለመሆኑ ይህ ማረሻን በዘይት ማንሳት የሚባለውን ጣጣ ማን አመጣው? ሃሪ ፈርጉሰን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1884 ዛሬ ሰሜን አየርላንድ በሚባለው አገር ከገበሬ ቤተሰብ የተወለደ፣ በ1909 መጨረሻ ላይ ራሱ በሠራው አውሮፕላን አየርላንድ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረ፣ ነገረኛም ሰው ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የዘመኑን ትራክተሮች እንዲያይ በመንግሥት ተጠየቀ። ያኔ ማረሻ እንደ ጋሪ ከኋላ ይጎተት ነበር። ማረሻው ድንጋይ ሲይዘው ጎማው መዞሩን አያቆምም፤ ትራክተሩ በፊቱ ብድግ ብሎ ሹፌሩ ላይ ይገለበጣል። ብዙ ሰው እንዲህ ሞቷል። ፈርጉሰን ማረሻውንና ትራክተሩን በሦስት ነጥብ አያይዞ አንድ አካል አደረጋቸው፤ በ1926 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ሁለቱ የታች ክንዶች ይጎትታሉ። የላይኛው ዘንግ ማረሻው ሲከብደው ወደ ፊት ይገፋና ሞላ ይጫናል፤ ሞላው ቫልቩን ይነካል፤ ዘይቱም ማረሻውን ትንሽ ቀና ያደርገዋል። ሹፌሩ ምንም ሳይነካ።

መርሐቤቴ ላይ ይህንን ለገበሬ ብታስረዱት አይደንቀውም። ከጀማና ከወንጪት መሐል ያለው አገር ድንጋዩ ከአፈሩ አያንስም። ገበሬው በአንድ እጁ ጅራፉን፣ በሌላው እርፉን ይዞ ሲያርስ ማረሻው ድንጋይ እንደነካ ከሞፈሩ በፊት የእጁ አንጓ ይሰማዋል። እርፉን ላላ፣ ቀና ያደርጋል፤ ድንጋዩ ያልፋል፤ መልሶ ይጫናል። ወገሉ አይሰበርም፣ በሬዎቹም አይቆሙም። ፈርጉሰን በሞላና በቫልቭ የሠራው ይኸንኑ ነው፤ ልዩነቱ የገበሬው አንጓ ኦሪንግ የለውም። እዚያው ከጀማ ማዶ፣ እነዋሪ ላይ፣ የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል ተመራማሪዎች ውኃ ለሚተኛበት መረሬ መደብ የሚያወጣ መሣሪያ ሲሞክሩ ትራክተር አልፈለጉም፤ ሁለት የአገሬውን ማረሻ ጎን ለጎን አጋጠሙ። እንዲህ ያለ ብልኃት የሚወደስበት መድረክ ብዙ ስለማይገኝ እዚህ ተወድሷል።

ወደ ፈርጉሰን። እ.ኤ.አ. በ1938 አሜሪካ፣ ዲርቦርን ሄዶ ሥራውን ለሄንሪ ፎርድ አሳየ። ሁለቱ ሰዎች ተጨባበጡ፤ ውል የለ፣ ፊርማ የለ፣ ምስክር የለ። ትራክተሩ በ1939 ወጣ፣ ተሸጠ፣ ተወደደ። በኋላ የፎርድ የልጅ ልጅ መጣና እጅ የጨበጠው አያቴ ነው፣ እኔ አይደለሁም ዓይነት ነገር አመጣ። ፈርጉሰን በ251 ሚሊዮን ዶላር ከሰሰ። ዓመታት ፈጅቶ በ1952 በ9.25 ሚሊዮን ዶላር ታረቁ። ከእርቁ ነጥቦች አንዱ ምን ይመስላችኋል? ፎርድ ያን ዘይቱን ከመግቢያው በኩል የሚቆጣጠረውን ፖምፓ መሥራት እንዲያቆም! ጋቢ የለበሰው ሰውዬ ችሎቱ ላይ ቢኖር ከዳኞቹ በፊት በጨረሰው ነበር። በዚያው ዘመን የተሠራው ትንሹ ፈርጉሰን ትራክተርም ሰንሰለት ተገጥሞለት በጃንዋሪ 1958 ኤድመንድ ሂላሪን ደቡብ ዋልታ አድርሷል። ለሚ ላይ ጀማን ቁልቁል ላየ ሹፌር ግን ዋልታው ብዙም አያስደንቅ ይሆናል፤ ቢያንስ ሜዳ ነው።

ቀልዱ እዚህ ላይ ይብቃ። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ መሣሪያ ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ ፈቀደ፤ ደግ አደረገ። የሚሸጠው ሰው ግን ትራክተሩን ከነሪቫኑ ያስረክባል፤ የአማርኛ መመሪያ የለም፣ የግፊት መለኪያ የለም፣ ደብረ ብርሃን ወይም ዓለም ከተማ የሚያድር አንድ መካኒክ የለም። በቀዩ ማሴ ፈርጉሰን 135 ላይ ግፊቱ በካሬ ሴንቲ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ መድረስ አለበት፤ ደርሷል አልደረሰም የሚያሳየው መለኪያ ከአዲስ ፖምፓ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ምንም ነው። ማንም አይዘውም። ስለዚህ በሐምሌ፣ መሬቱ ልክ ሲርስ፣ ተራቸውን የሚጠብቁ ገበሬዎች ከፍለው ቆመው እያለ፣ ባለቤቱ 200 ኪሎ ሜትር የማይሞላውን መንገድ በሙከ ጡሪ በኩል አቋርጦ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ይወርዳል። ተበድሮ ፖምፓ ይገዛል። ይገጠማል፤ አይነሳም። «ይኼኛውም ፎርጅድ ነው» ይባላል። በመጨረሻ ያረጀ ኦሪንግ ይገኛል፤ ዋጋው ከአንድ ሲኒ ቡና ብዙም የማይበልጥ የጎማ ቀለበት! ይሄ ያበሳጫል። የበለጠ የሚያበሳጨው ደግሞ ከአይሱዙ የወጣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት በጄሪካን አምጥቶ «ዘይት ዘይት ነው» እያለ የሚሞላው ነው። ያ ጥቁር ነገር የያዘው ብናኝ ፖምፓውንም ቫልቩንም አብሮ ይሞርዳል። በሚቀጥለው ዓመት በእርግጥም ፖምፓው ይሆናል፤ ሰውዬውም ትክክል ይሆናል።

ማረሻውን በትንሹም ቢሆን ላነሳ ትራክተር ደግሞ ቀላል ምርመራ አለ። ሜዳ ላይ ይቁም፣ ክንዶቹ ይውረዱ፣ ዘይቱ በመለኪያው ዘንግ ይታይ። ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። ከዚያ ማረሻው ወደቻለው ከፍታ ይነሳና ሞተሩ ይጥፋ። ቶሎ ቶሎ ከወረደ ጥርጣሬው ሲሊንደሩና ቫልቩ ላይ ነው፤ እንደተሰቀለ ከቆየ ያን ጊዜ ስለ ፖምፓው መነጋገር ይቻላል። ጠዋት አንስቶ እኩለ ቀን ላይ ሲሞቅ እምቢ የሚል ከሆነም ዘይቱ በቀጠነ ቁጥር የሚሾልክበት ያለቀ ዕቃ አለ፤ ያ ዕቃ ፖምፓው ሊሆንም ይችላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ማንም ከማረሻው ሥር አይግባ። የላስቲኩ ቱቦ ላይ ፍሳሽ የሚፈልግም በካርቶን ይፈልግ እንጂ በመዳፉ አይዳብስ፤ በዚያ ግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል።

ሰውዬውን ብዙ ማማትም ደግ አይደለም። አንዳንዴ እውነትም ፖምፓው ነው። ደግሞስ ማን አስተማረው? ትራክተር በጭላሎ ጭሰኛውን እያፈናቀለ ሲገባ ያየ፣ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ደግሞ በመንግሥት እርሻ ተደርድሮ ሲዝግ ያየ አገር ስለ ትራክተር ጥሩ ነገር ለመናገር ጊዜ አላገኘም። ናዝሬት ላይ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በተቋቋመው ፋብሪካ ይገጣጠም የነበረው ቤላሩስ እንኳ ለሰው አሳቢ ነበር። ፖምፓውን ሆዱ ውስጥ አልደበቀውም፤ ዘይቱም የራሱ ታንከር አለው፤ ቆሞ የሚያይ ሁሉ ጣቱን የሚቀስርበት ቦታ አያጣም። የቤላሩስን ነገር ከጀመርነው ግን ይመሽብናል።

ቤላሩስ ያላችሁ ግን ፖምፓውን የምታስገባና የምታወጣ ትንሽ ማንሻ እሱም አለችው። ወደ ሶማሌ ተራ ከመሳፈራችሁ በፊት አንድ ጊዜ እዩዋት፤ የአዲስ አበባው አውቶቡስ እንደሆነ የሚነሳው በማለዳ ነው።