የጭስ ንድፈ ሐሳብ፦ በጨፋ ሮቢት የጓሮ ምድጃ ስለሚሠራበት ቀን የቀረበ ጥናት

ስለ እንጀራ ምድጃ ያልተለካ ነገር የቀረ አይመስልም። ስንት እንጨት እንደሚፈጅ ተመዝኗል፤ ምን ያህል ጭስ እንደሚተፋ ታውቋል፤ ምጣዱ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ እንጀራው ዓይን አውጥቶ በሁለት ሦስት ደቂቃ እንደሚበስል በመሣሪያ ተረጋግጧል። ከዚህ ሁሉ ልኬት ያመለጠው ምድጃው የሚሠራበት ቀን ነው። በጨፋ ሮቢትና ከዚያ ወደ ከሚሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ ባሉ መንደሮች የጓሮው ማድ ቤት የሚጠገነው፣ የተሰነጠቀው ምድጃ ፈርሶ አዲስ ጭቃ የሚቦካው ጥቅምት ላይ አይደለም፤ ጥር ላይም አይደለም። ግንቦት ተሟጦ፣ በምዕራብ በኩል ካለው ተራራ አናት ላይ ደመና መቆለል ሲጀምር ነው። ጭቃ እንዲደርቅ ፀሐይ እንደሚያስፈልገው የማያውቅ ሰው በአካባቢው የለም። እንግዲህ በጋውን ሙሉ ፀሐይ ሲያባክን የከረመ አባወራ ሥራውን በቀረችው ሳምንት ላይ የሚያራግፈው ለምንድን ነው? ጥያቄው ተራ ይመስላል፤ መልሱ ግን ከአፈር ሳይንስ ይልቅ ለዓይን ሕክምና ይቀርባል።

አንባቢ ሁሉ ማድ ቤት ገብቶ ያውቃል ብሎ መነሳት ስለማይቻል (በተለይ ወንዱ አንባቢ)፣ ነገሩን ከመሠረቱ ማስረዳት ያሻል። የጓሮ ምድጃ ማለት ሦስት ጉልቻ፣ በዙሪያቸው በጭቃ የተገነባ ክብ ግድግዳ፣ ከፊት ማገዶ የሚገባበት አፍ፣ ከኋላ ደግሞ ጭሱ የሚወጣበት ጠባብ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው አንዳንዴ ይረሳል፤ ያኔ ጭሱ በመጣበት ይመለሳል። የጨፋ ሜዳ አፈር አብዛኛው ዋልካ ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ለምድጃ አይሆንም። ስለዚህ ቀይ አፈር ከዳገቱ ግርጌ በአህያ ይመጣል፤ የጤፍ ጭድ ይገባበታል፤ ውሃ ጠጥቶ ጥቂት ቀን ከሰነበተ በኋላ በእግር ይረገጣል። ግድግዳው ሲጠነክር በእበትና በአመድ ይለቀለቃል። የመጀመሪያው ስንጥቅ ሁልጊዜ ከአፉ ጎን ይጀምራል፤ እሳቱ የሚበረታውም ቀዝቃዛ አየር የሚገባውም እዚያው ስለሆነ ነው። ልማድ ያላት ሴት ይህን ታውቃለች፤ ጣቷን ውሃ ነክራ ስንጥቁን ታረጥበዋለች፣ በለስላሳ ድንጋይ እያሸች ትዘጋዋለች፤ በማግስቱ እንደገና ትመለስበታለች። ጭቃው ፀሐይ ካገኘ ሥራው በሳምንት በሁለት ሳምንት ያበቃል፤ አዲሱ ምጣድ በጎመን ዘር ይሟሻል፤ ሊጡ ይፈሳል። ከዚህ ሁሉ ግብዓት በበጋ የሚታጣ አንድም የለም። ጭዱ በታኅሣሥና በጥር ከአውድማው ትኩስ ነው። ውሃው ከቦርከና ወንዝ አለ። እበቱን በተመለከተማ፣ በጋ በመጣ ቁጥር ከአፋር ሜዳና ከዙሪያው ቆላ የሚመጣው ከብት በጨፋ ረግረግ ላይ ስለሚሰፍር፣ በዚያ ወቅት እበት አጣሁ የሚል ሰው ቢገኝ ምርመራው ወደ ሌላ ጉዳይ መዞር ይኖርበታል።

እስካሁን ያለው ገናና ማብራሪያ ስንፍና ነው። ዛሬ ነገ ማለት የተፈጥሮ ጠባያችን ነው የሚሉ ወገኖች ምድጃውን እንደ ማስረጃ ይቆጥሩታል። ይህ ግን ውሃ የማያነሳ መከራከሪያ ነው። ምድጃውን ዛሬ ነገ የሚለው አባወራ ያው ማሽላውን በሰዓቱ የሚያጭድ፣ ወፍ ለመጠበቅ ማማ ላይ ውሎ የሚያድር፣ አጥሩን በጊዜ የሚያጥር፣ እሑድ የሰንበቴን ሰኞ የባቲን ገበያ የማያስቀር ሰው ነው። ሰነፍ ከሆነ ለምን በምድጃ ላይ ብቻ ይሰንፋል? ሥራ በዝቶበት ነው የሚለው ሁለተኛው ማብራሪያም ዕድሜው አጭር ነው። ጥር ላይ አውድማው ተጠናቅቆ እጅ ይፈታል፤ ግንቦት ሲያልቅ ግን የማሽላው ቡቃያ ኩትኳቶ ይጠይቃል፣ ለጤፉ መሬት ይታረሳል። ሰው ፋታ ሲያጣ ጠብቆ ጭቃ ካቦካ፣ ምክንያቱ ፋታ ማጣት አልነበረም ማለት ነው።

የዚህ ጥናት ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ ምድጃ የሚሠራው ጭሱ ከምትጋግረው ሰው አልፎ ከሚበላው ሰው ዓይን ሲደርስ ነው። በበጋ የሚጋገረው ደጅ ነው፤ ቆላው ይሞቃል፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ሦስት ጉልቻ ጣል ተደርጎ ምጣዱ ይጣዳል። ጭሱ ከጋጋሪዋ ዓይን ተነስቶ በቀጥታ ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ በመሃል ሌላ ጣቢያ የለውም። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ግን ምጣዱ ወደ ዋናው ቤት ጥግ ይገባል፤ የረጠበ ኩበትና ያልደረቀ የማሽላ አገዳ ሲታከልበት ጭሱ በጣሪያው ሥር ተንጣሎ መደቡን ያገኘዋል። መደቡ ላይ ደግሞ አባወራውና እንግዶቹ አሉ። በአንድ ከሰዓት ውስጥ በበጋው ወራት ሁሉ ያልታየው ችግር በግልጽ ይታያል፤ በትክክል ለመናገር፣ ምንም ስለማይታይ ይታወቃል። አባወራው ይህን ካለፈው ክረምት ያስታውሳል። ትዝታው ግን ራሱን ችሎ አይሠራም፤ በደመና ይቀሰቀሳል። ዶማው ከተሰቀለበት የሚወርደው ለዚህ ነው።

ለዚህ ሐሳብ ከሁሉ የጠነከረው ማስረጃ ተቃዋሚዎቹ ራሳቸው የሚጠቅሱት ምሳሌያዊ አነጋገር ነው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። አባባሉ እንደ ቴክኒክ ሪፖርት ቢነበብ በርካታ ጉድለት ይገኝበታል። አንደኛ፣ ውጤቱን የለካው በጣዕም ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ስለ እንጀራ አንድም ቃል የለውም፤ ምጣድ ደግሞ ጉልቻው ትንሽ ሲያዘነብል ሊጡን ወደ አንድ ወገን እንደሚያፈስ የታወቀ ነው። ሦስተኛና ዋናው፣ እሳቱን እፍ ያለው ማን እንደሆነ፣ ዓይኑ ምን እንደሆነ አልመዘገበም። የመለኪያው መሣሪያ ምላስ ከሆነ፣ መለኪያው የተያዘው ከገበታው በኩል መሆኑ አያጠራጥርም። እንዲህ ያለ አስተያየት ለዘመናት የምድጃ ፖሊሲ ሆኖ ሲያገለግል መኖሩ ብቻውን ንድፈ ሐሳቡን ያቆማል።

ከባሕር ማዶ የሚመጣው ማስረጃም ይህንኑ ይደግፋል። በእንግሊዝ አገር ምድጃ ለዘመናት ሲያጨስ ኖሮ፣ ካውንት ራምፎርድ የተባለው ሳይንቲስት በ1796 እ.ኤ.አ. ጉሮሮውን አጥብቦ፣ ጎኖቹን ወደ ክፍሉ አዘንብሎ እንዴት እንደሚሠራ ሲጽፍ የለንደን ባለጸጎች ተሻምተው አሠሩት። ያ ምድጃ የሳሎን ምድጃ ነበር። ራምፎርድ ስለ ወጥ ቤት ምድጃም ደክሞ ጽፏል፤ ስሙ ተተክሎ የቀረው ግን በሳሎኑ ነው፤ ጌቶች የሚቀመጡት እዚያ ነውና። በእኛም አገር ምርጥ ምድጃ የተባለው በእኛው አቆጣጠር ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በኢነርጂ ተመራማሪዎች ተሠርቶ ወጥቷል፤ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በቅርጽ የሚወጣ፣ ተገጣጥሞ ምጣዱን የሚከብብ፣ በሚወጣው ሙቀት ኋላ ላይ ድስት የሚያስጥድ ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ገደማ ይቆጥባል ተባለለት። በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂም በሚሊዮን የሚቆጠሩ የተሻሻሉ ምድጃዎችን ለማዳረስ አቅዶ ነበር። ነገር ግን ማገዶ ይቆጥባል የሚለው ስብከት የተነገረው ለማን ነው? ገንዘቡን ለሚያወጣው። ማገዶውን በጀርባዋ የምታመጣው ሌላ ናት። የማይሸከመውን ጭነት በግማሽ እንቀንስልህ የተባለ ሰው ምስጋናውን አቅርቦ ቢሄድ አይፈረድበትም። ምርጥ ምድጃ የእንግዳ ዓይን ያድናል ተብሎ ቢሰበክ ኖሮ ሥርጭቱ ሌላ መልክ በያዘ ነበር፤ ይህን መላ ምት የሚፈትን ፕሮጀክት እስካሁን አለመነደፉ ያስቆጫል።

መቃወሚያዎች አሉ። ምድጃ የምትሠራው እኮ ሴቷ ናት፤ የወንዱ ዓይን ምን ያገባዋል? ይባላል። እውነት ነው፣ ጭቃውን ቅርጽ የሚሰጡት የእርሷ እጆች ናቸው። ነገር ግን ድንጋዩን የሚፈነቅለው ዶማ፣ ቀይ አፈሩን የሚያመጣው አህያ፣ ምድጃው ዝናብ እንዳይበላው የሚጠለልበት የማድ ቤት ክዳንና ምሰሶ በማን ሥልጣን ሥር እንደሆኑ ይጠየቅ። እጅ ያለ ዶማ ሐሳብ ሆኖ ይቀራል። ሌላው መቃወሚያ ከበዓል የሚነሳ ነው፤ ሰዉ ምድጃውን የሚያድሰው ለአረፋ እንጂ ለክረምት አይደለም የሚል። ለዚህ የሒጅራው አቆጣጠር ራሱ ጥሩ ፈተና አዘጋጅቷል። አረፋ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። በ2009 ዓ.ም. የዋለው መስከረም 2 ቀን ነበር። ጭቃው በዓሉን የሚከተል ቢሆን ኖሮ፣ ያን ጊዜ ምድጃ ሁሉ በጳጉሜን ዝናብ ውስጥ በተሠራ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚያደርግ ሰው ደግሞ የለም። በዓሉ ሲዞር ደመናው በቦታው አለ፤ ምድጃውም ከደመናው ጋር። በ2018 ዓ.ም. አረፋ ግንቦት 19 አካባቢ ስለሚውል ሁለቱ ምክንያቶች ይደራረባሉ፤ በዚያ ላይ ሰኔ 1 ቀን ሰኞ ነው። ሰኔና ሰኞ በገጠሙበት ዓመት የተሰበሰበ መረጃ ላይ ተመራማሪ ሁሉ ጥንቃቄ ቢያደርግ ይመከራል።

ጭቃውን ትቶ እንደ ውጭ አገር ሰው በጓሮ የጡብ ምድጃ ገንብቶ መገላገል ነው የሚሉም አልጠፉም። ጣሊያን ያስተዋወቀን ፉርኖ መልካም ነገር ነው፤ ዳቦን ከላይም ከጎንም ያሞቃል። እንጀራ ግን ሙቀት የሚፈልገው ከሥሩ ነው፤ ከላይ አክንባሎ ይበቃዋል። ሌላም ምክንያት አለ። ከጨፋ ሮቢት በስተደቡብ፣ በዚያው አውራ ጎዳና ላይ ያለችው ካራቆሬ ስሟን የሰጠችው የመሬት መንቀጥቀጥ በግንቦት 1953 ዓ.ም. ማጀቴ ከተማን ክፉኛ አፍርሷል። በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ የሚኖር ሰው ከባድ የጡብ ቅስት በጓሮው ለማቆም ቢያመነታ አስተዋይነት ነው። ጭቃው ቢሰነጠቅ በውሃና በጣት ይዘጋል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከመጣ ወዲህ ክርክሩ አብቅቷል የሚለው መቃወሚያ ከበድ ያለ ነው። መሣሪያው ወደ 3 ነጥብ 5 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ጭስ የለውም። ይሁን እንጂ መብራት የሚጠፋው መቼ መቼ እንደሆነ ልብ ይሏል፤ ነጎድጓድና ነፋስ በሚበረታበት፣ ማለትም የደጁ ምጣድ ወደ ቤት መግባት ባለበት በዚያው ከሰዓት በኋላ ነው። ያኔ ሊጡ ቦክቷል፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ተመልሰዋል፣ ጓሮ ያለው ምድጃ ግን መብራት አለ ተብሎ ዓመት ሙሉ ሳይታደስ ቀርቷል። ጭስ የሌለበት በጋ ረዘመ እንጂ ሕጉ አልተሻረም።

ንድፈ ሐሳብ ዋጋው በተግባር ይታወቃልና አንድ ምክረ ሐሳብ ማቅረብ ተገቢ ነው። ምድጃው በጥር እንዲሠራ ከተፈለገ ጭሱን በጥር ወደ መደቡ ማምጣት ነው። የሚያስፈልገው በጀት አንድ ምጣድ ሊጥ፣ ጥቂት እርጥብ ኩበትና የተዘጋ መስኮት ነው። አባወራው ከወዳጆቹ ጋር ቡና እየጠጣ ሳለ፣ አቦሉ አልቆ ቶናው ሲቀዳ፣ መጋገር ይጀመራል። በስሌቱ መሠረት በረካው ከመድረሱ በፊት ስለ ቀይ አፈር ወሬ መነሳት አለበት። በሙከራው ላይ የሚታየው ችግር አንድ ነው፤ ጥር ደረቅ ወር ስለሆነ ሰዎቹ ተነስተው ወደ ጥላው ይወጣሉ፤ ዓይናቸውም ይድናል። በክረምት በሩን የሚዘጋው ዝናቡ ነበር። የበጋው ሙከራ እንዲሳካ ታዲያ በሩን ከውጭ መቆለፍ ግድ ይላል። በዚህ በኩል ጥናቱ ገና እንቅፋት አለበት፤ የዋናው ቤት ቁልፍ ያለው በአባወራው ኪስ ነው።